ርእሰ አንቀጽ፦ የተፈታው የማርሽ መቀየሪያና የተለጠፈው ማስታወቂያ

ባለፈው ሳምንት በወንዶች መኝታ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይተናል። ቃሉ አጭር ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ በመኝታ ክፍል ውስጥ ብስክሌትም ሆነ ማናቸውንም መሣሪያ መፍታት ፈጽሞ ክልክል ነው ይላል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ተማሪ አልሠራ ያለውን የብስክሌቱን ማርሽ መቀየሪያ በካቻቪቴ ፈታ፤ ሞላው ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ገባ፤ ግራሶው የጎረቤቱን አንሶላ አበላሸ፤ የቀረው ብረታ ብረት በወተት ቆርቆሮ ተጠራቅሞ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ልጁ ማታ ማታ የሰው ልጆች እያስጠና የኪስ ገንዘቡን የሚያገኘው በዚያች ብስክሌት ነበር። ዛሬ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ከሁለት ተማሪዎቹም አንዱን በመዘግየቱ ምክንያት አጥቷል።

ስለ አንሶላው የተቈጡት ሰዎች እውነት አላቸው። ማስታወቂያውን ግን አንደግፍም፤ የከለከለው መፍታትን እንጂ ያለ ዕውቀት መፍታትን አይደለምና።

ነገሩን በቅርብ ላላየ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። በመሪው ላይ ያለችው መቀየሪያ ሁለት ምላስ አላት። ትልቁ ምላስ በአውራ ጣት ሲገፋ፣ በውስጥ ያለችው ባለ ጥርስ ክብ አንድ ጥርስ ትዞርና ሽቦውን ትጠቀልላለች፤ ጥፍር የምትመስል አንዲት ብረትም ክቧ ወደ ኋላ እንዳትመለስ ይዛ ታስቀራታለች። ትንሹ ምላስ ሲነካ ጥፍሯ አንድ ጥርስ ብቻ ትለቅቃለች፤ ያን ጊዜ ሽቦው ከኋላ ጎማ አጠገብ ባለው ሞላ ተስቦ ይመለሳል፤ ካቴናውም ወደሚቀጥለው ማርሽ ይሻገራል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። የሺማኖ ሥራ በሆነ ባለ 8 ማርሽ ብስክሌት ከአንዱ ማርሽ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ «ቀጭ» የሚሳበው ሽቦ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ልክ የምትጠብቀው የስንዴ ፍሬ የማታህል ብረት ናት።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሕመም ስብራት አይደለም። ጥፍሯን ወደ ጥርሱ የሚገፋት ሞላ እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው የቀባው ግራሶ ከዓመታት በኋላ እንደ ሰም ሲደርቅ ጕልበቱ አይበቃውም። ምላሱ ቢገፋ ባዶውን ይመላለሳል። ባለቤቱም ተሰበረ ብሎ ካቻቪቴ ያነሣል። ሽፋኑን ብቻ ገልጦ፣ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠበ ምላሱን ሃምሳ ስድሳ ጊዜ ቢያመላልሰው፣ የደረቀው ግራሶ ታጥቦ ሲወጣ ቀጭን ዘይት ቢጨምርበት፣ ብዙውን ጊዜ መቀየሪያው ይነሣል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የኛ ወንድም ግን አፍስሶም ገና ለቅሞ አልጨረሰም።

አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ መግጠሙ ሌላ ፈተና ነው። ሮንዴላዎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ዋናው ሞላም ሽፋኑ ከመታሰሩ በፊት አስቀድሞ መጠምዘዝ አለበት። ዛሬ ስልክ በኪሱ የሌለ ተማሪ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በየደረጃው ፎቶግራፍ እያነሡ መፍታት ምንም አያስከፍልም። ይህን የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም። መምህራኖቻችን ስለ ሞላ ጕልበት በሰሌዳ ላይ ብዙ ጽፈውልናል፤ ሞላ በእጃችን አስይዘውን የሚያውቁት ስንቶቹ እንደ ሆኑ እነርሱ ራሳቸው ይቍጠሩት።

ጥፋቱ ሁሉ የተማሪው ነው ማለትም አይገባም። የቀድሞው መቀየሪያ ሽቦውን በሰበቃ ብቻ ይዞ የሚያቆም፣ አንድ ብሎንና ጥቂት ሮንዴላ ያለው ስለ ነበረ ማንም ሰው ፈትቶ ይገጥመው ነበር። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1984 በየማርሹ «ቀጭ» እያለ የሚቆመውን ካወጣ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ለአሽከርካሪው ቀለለ፤ ለጠጋኙ ከበደ። ፋብሪካው ውስጡ እንዳይፈታ በመመሪያው ያስጠነቅቃል፤ የውስጥ ዕቃውንም ለየብቻው አይሸጥም። ሌላ መንገድ እንዳልነበረ ግን ማንም አያሳምነን። እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የተቋቋመው ስተርሚ አርቸር በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የሚከተው ባለ 3 ማርሽ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ታይዋን ተሽጦ እንኳ፣ ዕቃው ተገኝቶ እስከ ዛሬ ይጠገናል። የኢጣሊያው ካምፓኞሎም እ.ኤ.አ. በ1992 ላወጣው የእጅ መቀየሪያ ትንንሾቹን ሞላዎች ለብዙ ዓመት ለየብቻ ሸጧል።

«አዲስ ይግዛ» የሚሉ አሉ። በየትኛው ገንዘብ? ደግሞም የተገዛው ሁሉ አይገጥምም፤ መቀየሪያው የሚስበው የሽቦ ልክ ከኋላው መሣሪያ ጋር ካልተስማማ ካቴናው በሁለት ማርሽ መካከል እየተንገዋለለ ይሄዳል። ለጊዜው የሚበጀው የጥንቱ የሰበቃ መቀየሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፤ የማርሹ ቍጥር ስንትም ቢሆን ይሠራል። እርሱም ከጠፋ፣ የኋላውን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ በአንድ ማርሽ መንዳት ይቻላል። በባሕር ዳር ሜዳ ይህ በቂ ነው፤ በአዲስ አበባ ዳገት ግን ሳንባን ይጠይቃል።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ የብስክሌት መንገድ መዘርጋቱን አይተናል። መንገድ ተሠርቶ የጠጋኝ እጅ ከጠፋ መንገዱን የምንጠቀመው እስከ መጀመሪያው ብልሽት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አስተዳደሩን የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ከወርክሾፑ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሩ መብራት፣ ዕቃ መደርደሪያ ትሪ፣ አንድ የካቻቪቴ ስብስብና ፒንሳ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ሁለት ሰዓት የሚቆም አንድ መምህር ወይም የወርክሾፕ ሠራተኛ። ይህ ከተፈቀደ በመኝታ ክፍል እንዳይፈታ የተከለከለውን እኛው ራሳችን እናስከብራለን። ጠረጴዛው ሳይሰጥ ክልከላው ብቻ ከጸና ግን ፍታቱ በሌሊት፣ በሻማ ብርሃን እንደሚሆን ከወዲሁ እናስታውቃለን፤ ከነጭ ጋዝ ጋር ሻማ ምን እንደሚያደርግ ለአስተዳደሩ ማስረዳት አያሻንም።

የወንድማችን ቆርቆሮ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የጎደሉት አንድ ቀጭን ሞላና አንድ ሮንዴላ ናቸው። የተሰበረ ባለ 8 ሺማኖ መቀየሪያ ያለው ተማሪም ሆነ መምህር እባክዎ አይጣሉት፤ እስከ ዓርብ ድረስ ለጸሐፊው ቢያስረክቡ ከሁለቱ አንድ እንዲወጣ ይሞከራል።