ዲያቆን ያጣ ደብር

በመንዝና በመርሐቤቴ ገጠር የሰንበት ቅዳሴ ሲታጎል ምእመን ጠፍቶ አይደለም፤ ዲያቆን ጠፍቶ ነው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ሽበት የወረራቸው አባቶች ኪዳኑን አድርሰው፣ በዚያ ውርጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከአጎራባች ደብር የሚመጣ ልጅ ይጠብቃሉ። ልጁ ከቀረ ሕዝቡ ሳይቆርብ ይበተናል።

ለ1600 ዓመታት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ የኖረችው ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ስትሾም፣ የመጀመሪያው አቡነ ባስልዮስ የመርሐቤቴ ሚዳ ተወላጅ ነበሩ። ዛሬ ያው አገር ለሰንበት ሦስት ዲያቆን ማሟላት ሲያቅተው ማየት ያንገበግባል።

ሽማግሌዎቹ «የዛሬ ልጅ ዓለም በለጠበት» ይላሉ። ፍርዱ ችኮላ አለበት። የድሮው ዲያቆን አድጎ ሲቀስስ በብዙ ቦታ የሰሞን መሬት ይጠብቀው ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን አስቀርቷል። ዛሬ የገጠር ቄስ የሚኖረው ገብሱን አርሶ፣ በጉን አርብቶ ነው። ልጁ ይህን እያየ አድጎ፣ አስኳላውን ሲገፋ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢያቀና ምን ይገርማል?

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ እዚያው የቀረው ወጣት ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው፣ ኋላም የተሻሻለው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ በሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቦታ ሰጥቷል። በተግባር ግን «አንተ ልጅ፣ ጽሕፈትህ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤውን ያዝ» ይባላል፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት አይጠራም። አይታመንም ማለት ነው። ያልታመነ ልጅ ደግሞ አይሰነብትም።

ወጣቱም ንጹሕ ነው አልልም። ዐውደ ምሕረት ላይ ማይክሮፎን ይዞ መዘመሩን ይወዳል፤ ዓመታት የሚጠይቀውን ድጓ ይሸሻል። የድጓው ምልክት ከመጽሐፍ ይገኛል፤ ዜማው ግን ከመሪጌታው አፍ ነው የሚቀዳው፣ መሪጌታውም አርጅተዋል።

ስለዚህ የአብነት ትምህርቱ ሰዓት ከአስኳላው ፈረቃ ጋር ይስማማ፤ ጧት ክፍል የሚገባው ከሰዓት በኋላ መምህሩ ዘንድ ይምጣ። አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ተወላጆች ለሕንፃ ማሠሪያ እንደሚያዋጡ ሁሉ ለመምህሩ ደመወዝና ለተማሪዎቹ ቀለብም ያዋጡ። ጉልላቱ ይቆይ፣ ግድ የለም። በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ምርጫም ወጣቶቹ ከጸሐፊነት አልፈው ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ሆነው ይመረጡ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ከአባቶች ጋር ይቁጠሩ፣ ይፈርሙም።