አበባው ይድረስ፤ ሰውም ይድረስ



ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላ አዘቅዝቆ መውጣት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። የአበባ ጉንጉን ግን ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣ ልማድ ነው። ለሟች የሚሰጥ ክብር ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን በቅርቡ በሠፈራችን ያየነው ነገር ዝም አላሰኘንም። በአንድ ቀብር ላይ አምስት ጉንጉን ተደረደረ። በሠልስቱ ማግስት ያንኑ ቤት ስንጠይቅ ባለ ሐዘኗ ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ አገኘናት። ውኃ የሚቀዳላት እንኳ አልነበረም። ለካ ብዙው ሰው አበባ ከላከ ለቅሶ የደረሰ መስሎታል!

ሌላም አለ። ጉንጉን መግዣ ያጣ ጎረቤት «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?» ብሎ ከቀብር መቅረቱን ሰምተናል። ይህ የባሰ ነው። ለቅሶ የሚደረሰው በእግር ነው እንጂ በእጅ አይደለም። ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ሌሊት ተነሥቶ ደጋውን በእግሩ የሚያቋርጥ ለቀስተኛ ከዱላው በቀር ምን ይዞ ያውቃል? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ሰው እንዳይሰበሰብ በተከለከለ ጊዜ፣ ሐዘንን ለብቻ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም ቀምሰነዋል እኮ።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1ኛ/ አበባ ለመላክ ያሰበ አስቀድሞ ከቤተሰቡ የቅርብ ሰው ይጠይቅ። ባለ ሐዘኑን ራሱን በዚህ ማስጨነቅ ነውር ነው።

2ኛ/ ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ ተባብሮ አንድ ጉንጉን ቢያደርግ ይበቃል። በሪባኑ ላይ የሟች ስም ከነማዕረጉ በትክክል ይጻፍ። የላኪው ስም ከሟች ስም አይግዘፍ።

3ኛ/ ጉንጉን ከቀብር ሰዓት በፊት ይድረስ። ከቀብር በኋላ ወደ ቤት የሚሄደው እዝን ነው፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ ንፍሮው። ቀኑ ጾም መሆን አለመሆኑን ማየት አይዘንጋ። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ከሚያመጣ ተራ ተከፋፍሎ ቢያደርስ ይሻላል።

4ኛ/ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀብር የሚፈጽሙት ፈጥነው ነው፤ ጉንጉንም በእነርሱ ዘንድ የተለመደ አይደለም። አበባ ስንፈልግ ቀብሩ እንዳያመልጠን። ቀብሩ ላይ እንገኝ፤ ከዚያም ቤት ገብተን እናጽናና።

5ኛ/ አበባው ሲጠወልግ ላስቲኩና ሽቦው ከመቃብሩ ላይ ይነሣ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆሻሻ መጣያ አይደለም።

6ኛ/ በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን «አበባ ግዙልን» ብለው ሲደውሉ፣ ገንዘቡ ለአርባው ወይም ለሟች ልጆች ደብተር መግዣ ቢውል እንደሚሻል እንንገራቸው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። ይህ ተረት የሚፈተነው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አበባ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። በሳምንቱ በር አንኳኩቶ «እንዴት አደራችሁ?» የሚል ጎረቤት ግን አይረሳም።

ላዘኑት ሁሉ እግዜር ያጥናችሁ እንላለን።