“ከጉባኤው በኋላ እንከፍልሃለን”

ከመርሳ የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ዛሬ እሱም መምህር ሆኗል። የማስተርስ ጥናቱን የሠራው በሰሜን ወሎ ደጋ ላይ ውርጭ አፈሩንና ድንጋዩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራውን አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ የዋልታ ምርምር ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ ተመረጠ። የጉዞ ድጋፍም ተፈቀደለት። “አብሽር፣ አለቀ!” አልኩት። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ስናነበው ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ከጉባኤው በኋላ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው ይላል።

እስቲ አስሉት። ትኬት። ሆቴል። ቢከለከልም የማይመለስ 90 ዩሮ የቪዛ ክፍያ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ጠርቀም ያለ ሒሳብ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት። ለአሻራ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ይህ ሁሉ በጀማሪ መምህር ደመወዝ! ዘመድ ጠየቀ፣ ዕቁብ አሰበ፣ አልሞላለትም። “መምጣት አልችልም” ብሎ ጻፈ።

“ሐብሩ ቆላ ተወልዶ ዋልታ ምን አገባው?” የሚል አይጠፋም። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይቀልጣል። የባሌ ተራሮችም በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ፊንጫ ሐበራ በተባለ ዋሻ፣ ከግግሩ ብዙም ሳይርቁ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። በረዶን የሚያጠኑ ሰዎች የሚሰበሰቡት ደግሞ እነዚህ ጉባኤዎች ላይ ነው። “በኦንላይን ይከታተል” ማለት ቀላል ነው፤ ኔትወርኩ ቢኖርስ ቡና ላይ ተዋውቆ የዶክትሬት አማካሪ የሚገኘው በዙም ነው እንዴ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ አፍሪካውያን በቪዛ እየተከለከሉ ስላስቸገረ 2020ን አዲስ አበባ ሊያደርገው ወስኖ ነበር። ኮሮና መጣና ኦንላይን ሆኖ ቀረ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። የዋልታውን ጉባኤ ወልድያ አምጡ አልልም (ብርዱን ከየት እናመጣለን!)። የምለው፣ ለወጣት ተመራማሪ ድጋፍ የምትሰጡ ሰዎች ትኬቱንና ሆቴሉን ራሳችሁ ቁረጡ፣ የግብዣ ደብዳቤውንም ሦስት ወር ቀድማችሁ ላኩ። በኋላ የሚመለስ ገንዘብ የሚጠቅመው ቀድሞውኑ ገንዘብ ያለውን ነው። የእኛዎቹ ተቋማትም ቢሆኑ ለኃላፊዎች “የልምድ ልውውጥ” የሚያወጡትን አበል እናውቀዋለን። ከዚያ ላይ ለአንድ ወጣት የቪዛና የኢንሹራንስ ወጪ ማበደር አያቅታቸውም።

ውጭ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ልጁ ዘንድሮም ያመለክታል። ካለፈ ትኬቱን በካርዱ ቆርጦለት ገንዘቡ ሲመለስ የሚቀበለው ሰው እፈልጋለሁ። የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።