ቤታችሁን ከማስያዛችሁ በፊት

እኩዮቼ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞና ሀና ማርያም ብሎኬት የምታመርቱ፣ ብረት የምትበይዱ፣ እንጨት የምትሰነጥቁ ሁሉ፣ ይህን የምላችሁ ጨንቆኝ ነው። «ሽያጫችን ጨመረ፣ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ አመረትን» ብላችሁ ቤታችሁን አስይዛችሁ ልትበደሩ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ስሙኝ።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋ እንዲህ ሲዘል የአንዱን ዓመት ሽያጭ ከሌላው ጋር በብር ብቻ ማወዳደር ራስን መደለል ነው። የሁለቱንም ዓመት ምርትና ግብዓት በአንድ ዋጋ፣ በአምናው፣ አስሉት።

አንድ ብሎኬት ማምረቻ እናስብ፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። አምና ያመረተው የ6 ሚሊዮን ብር ነበር። ለሠራተኛ 1.2፣ ለሲሚንቶና አሸዋ 2.4፣ ለመብራት 0.3፣ ለማሽንና ቦታ 1.1 ሚሊዮን፤ በድምሩ 5 ሚሊዮን ወጣ። 6 ለ5 ሲካፈል 1.2፤ ጥምር ምርታማነቱ ይህ ነው። ዘንድሮ አዲስ ማሽን ገዛ፣ ሰው ቀነሰ። በአምናው ዋጋ ምርቱ 6.6 ሚሊዮን ሆነ፣ የሠራተኛው ወጪ ወደ 1 ሚሊዮን ወረደ። በሠራተኛ ብቻ ከለካችሁት፣ ምርቱ ለሠራተኛው ወጪ ሲካፈል፣ ከ5 ወደ 6.6፣ ማለትም 32 በመቶ አድጓል። ባለቤቱ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠፋውም እዚሁ ነው። በደንብ ውሃ ሳይጠጣና ሳይጠነክር እየተነሳ የሚሰበረው ብሎኬት የሲሚንቶና የአሸዋውን ወጪ ወደ 2.9 አውጥቶታል። መብራቱ 0.4፣ ማሽንና ቦታው 1.7 ሚሊዮን ደርሷል። ድምሩ 6 ሚሊዮን ነው፤ 6.6 ለ6 ሲካፈል 1.1። የጎደለው 0.1 ለ1.2 ሲካፈል ከ8 በመቶ በላይ ውድቀት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ የማይጻፈው ወጪ ነው። የራሳችሁ ቦታ ቢከራይ የሚያወጣውን ጻፉ። ያለ ደመወዝ የሚደክሙትን ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን ለመተካት ሰው ብትቀጥሩ የምትከፍሉትን ጻፉ፤ በሁለቱም ዓመት። የማሽኑን ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ አካፍሉት እንጂ በአንድ ዓመት ላይ አትጫኑት።

የአምናውን የሲሚንቶ ደረሰኝና የመብራት ክፍያ ፈልጋችሁ ሳታሰሉ ባንክ ቤት አትግቡ። ለአበዳሪው የሽያጭ መዝገባችሁ ይበቃው ይሆናል፤ በሐራጅ የሚሸጠው ቤት ግን የእናንተ ነው።