አጥር ዘፈንን አያድንም

የአንድ ሀገር ጥንታዊ ዘፈን ከባዕድ ተከልሎ ካልተቀመጠ ይጠፋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ፤ ዘፈን የሚሞተው አጥር ሲታጠርበት ነው። ማስረጃዬ እንግሊዛዊው ሳይመን ኤመርሰን ሙዚቀኞችን አሰባስቦ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ኢማጅንድ ቪሌጅ» የተሰኘ አልበም ነው። የሀገረሰብ ዘፈን አንጋፋው ማርቲን ካርቲ ከልጁ ከኢላይዛ ጋር፣ ለሠራተኛው መብት በመዝፈን የሚታወቀው ቢሊ ብራግ፣ ዶል የተባለውን የፑንጃብ ከበሮ የሚመታው ጆኒ ካልሲ፣ ከባርቤዶሳዊ አባትና ከጃማይካዊት እናት በርሚንግሃም የተወለደው ገጣሚ ቤንጃሚን ዘፋናያ፣ ሁሉም በአንድ አልበም ተገናኙ።

ዘፋናያ የሠራውን ቀረብ ብለን እንመልከት። «ታም ሊን» ከስኮትላንድ የመጣ ጥንታዊ የተረት ዘፈን ነው። ጃኔት የምትባል ወጣት በመናፍስት ንግሥት እጅ የወደቀውን ፍቅረኛዋን ለማስለቀቅ አጥብቃ ታቅፈዋለች። በእቅፏ ውስጥ እባብ ይሆናል፣ አውሬ ይሆናል፣ የጋለ ብረት ይሆናል፤ እሷ ግን አትለቀውም። ዘፋናያ ሁለቱን በዘመናችን ጭፈራ ቤት አገናኛቸው፤ ወንዱንም ጥገኝነት ጠያቂ አደረገው። አስፈሪው ኃይል የመናፍስት ንግሥት መሆኗ ቀርቶ ሰውን ከሀገር የሚያባርር ሕግ ሆነ። የታሪኩ አጥንት ግን አልተነካም፤ የሚወዱትን ሰው ምንም ቢመጣ አለመልቀቅ ነው።

ይህ ጥንታዊውን ማበላሸት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ቅርስ በግድየለሽ እጅ ሲወድቅ ያሳዝናል። ነገር ግን የሀገረሰብ ዘፈን ሰብሳቢው ሴሲል ሻርፕ ከ1903 ጀምሮ እየዞረ የመዘገባቸው ዘፈኖች ራሳቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ግጥማቸውም ዜማቸውም ሲለዋወጥ የኖሩ ናቸው፤ ያልተነካ የሚባል ቅጂ ኖሮ አያውቅም። በ2008 የቢቢሲ ራዲዮ 2 የሀገረሰብ ሙዚቃ ሽልማት ከዚህ አልበም «ኮልድ ሄይሊ ሬይኒ ናይት» የተባለውን የዓመቱ ምርጥ ባህላዊ ሥራ አድርጎ የመረጠው ሙያተኞቹም ይህን ስለተረዱ ይመስለኛል።

ዘፈን ፖለቲካን አይለውጥም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ አልበሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀኝ አክራሪው የብሪታንያ ብሔራዊ ፓርቲ በአውሮፓ ፓርላማ ሁለት መቀመጫ አግኝቷል። ነገር ግን ያው ፓርቲ የሀገረሰብን ሙዚቃ የነጮች ብቻ መለያ ሊያደርገው ሲሞክር፣ ሙዚቀኞቹ በ2009 «ፎክ አጌንስት ፋሺዝም» በሚል ስም ተነስተው ዘፈናችንን ለጥላቻ አንሰጥም አሉ። ዘፈን ምርጫ ባያሸንፍም፣ የሕዝብ ቅርስ የጠብ መሣሪያ እንዳይሆን ባለቤት ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ ለባህሌ እቆረቆራለሁ የሚል ሁሉ ስንት ሰው እንደከለከለ ሳይሆን ስንት ሰው እንዳስተማረ ይቁጠር።