ከቸርኬ የወጣ ፎጣ ወደ ኮፈን አይመለስ

በመኪና እጥበት ሥራችን ላይ የነገሠ አንድ አስተሳሰብ አለ፦ ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው፤ እስኪበጣጠስ ይሠራበታል፣ ሲበጣጠስ ይጣላል። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ውስጥ ከመንገድ ዳር ላቫጆዎች አንዱ ጋ ጥቂት የቆመ ሰው አስተሳሰቡን በሥራ ላይ ያየዋል። ከኮንሶ ወይም ከጂንካ አቧራ ለብሶ የመጣ ሃይሉክስ ይቆማል፤ ውሃ ይረጭበታል፤ በኦሞ አረፋ ይሸፈናል። ከዚያ አንድ ማይክሮፋይበር ፎጣ ጣራውን፣ ኮፈኑንና በሮቹን አዳርሶ ወደ ቸርኬው ይወርዳል። ከቸርኬው ጠቁሮ ሲወጣ ባልዲ ውስጥ ነከር ተደርጎ ይጨመቅና ፓራብሬዛውን፣ ቀጥሎም ዳሽቦርዱን ይወለውላል። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ ያው ፎጣ እንደገና ከጣራው ይጀምራል። ባለመኪናው ከሩቅ ሲያየው ስላብረቀረቀለት ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል።

ይህ ልማድ መቆም አለበት። መኪናውን ያበላሻል፤ ፎጣውንም ያለ ዕድሜው ይገድለዋል። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን የጨርቅን ነገር ጠንቅቆ በሚያውቀው በጋሞ ምድር መፈጸሙ ነው።

ከመኪናው ልነሣ። የዛሬ መኪኖች ቀለም ከላዩ ትራንስፓረንት የሚባል ስስ ሽፋን አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ጠጉር የቀጠነ ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀውም፣ የሚያንጸባርቀውም እሱ ነው። በአቧራችን ውስጥ ያለው የድንጋይ ቅንጣት ከዚህ ሽፋን እጅግ ይጠነክራል፤ ኳርትዝማ መስታወትንም ይጭራል። ቸርኬ ላይ የሚጋገረው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የተፋቀ ብረት ያለበት ነው። ይህን የያዘ ፎጣ ኮፈን ላይ በክብ በክብ ሲሄድ በእያንዳንዱ ዙር ይጭራል። ጥቁር መኪና ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኮፈኑን በጎን እዩት፤ ክብ ክብ የሆኑት ስስ ጭረቶች አብዛኞቹ በእጥበት የመጡ ናቸው።

«ፖሊሽ ያጠፋዋል» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ጭረት የሚያጠፋው ፖሊሽ የሚሠራው ያንኑ ስስ ሽፋን ፍቆ በማሳነስ ነው። ጥቂት ጊዜ ይቻላል፤ በየዓመቱ ከተደጋገመ ግን ሽፋኑ ያልቅና ቀለሙ ለፀሐይ ይጋለጣል። ያኔ የሚቀረው ቀለም ቤት መግባት ነው። ያውም መኪና እንደ ድሮው በማይተካበት ዘመን! በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። አሁን በከተማችን የሚሄዱት ቪትዝና ኮሮላ ከባለቤቶቻቸው ጋር ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ይህን እያወቁ በየሳምንቱ ከፍሎ ማስጫር ምን ይባላል?

ፎጣውን ራሱን ብናውቀው ኖሮ እንዲህ አንይዘውም ነበር። ማይክሮፋይበር ጥጥ አይደለም። አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ቀሪው ናይለን የምንለው ፖሊአሚድ ነው። በገበያ የተለመደው ድርሻ 80 ለ20 ወይም 70 ለ30 ነው። ክሩ ሲሠራ ወደ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፈላል፤ በስንጥቆቹ መሀል ውሃም አቧራም ይገባል። ያረጀ ካናቴራ ያገኘውን ቅንጣት ቀለሙ ላይ እየገፋ ይጎትተዋል፤ ጥሩ ማይክሮፋይበር ግን አንሥቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጸጉሩ ያስገባዋል። ስለዚህ ለቀለም ከካናቴራ ይሻላል። ችግሩም እዚያው ነው፤ ያነሣውን በቀላሉ አይለቅም። ባልዲ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ለዚህ ፎጣ እጥበት አይደለም።

ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የሸሹም አሉ። በተለይ በአዲስ አበባ ዲቴይሊንግ የሚል ማስታወቂያ ከሰቀሉት ቤቶች የተማሩ ወጣቶች፣ ፎጣ ትንሽ ሻከር ሲል ጣሉት፣ አዲስ እሽግ ክፈቱ ይላሉ። ስለ ቀለሙ ያላቸው ጥንቃቄ ትክክል ነው፤ ያረጀ ፎጣ ኮፈን አይነካም ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። መጣሉን ግን አልቀበልም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ በየጊዜው እሽግ መክፈት የሚችል የሴቻ ላቫጆ የትኛው ነው? ደግሞም የተጣለው ፎጣ ፕላስቲክ ነው። የጥጥ ጨርቅ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ፖሊስተር ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። በየሰፈሩ እንደምናደርገው ከቆሻሻ ጋር ሲቃጠልም ጭሱን የሚተነፍሱት የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ነገር ነው። ለፎጣ ሁለት ዕድሜ ብቻ ያውቁለታል፤ አዲስነትና ቆሻሻነት። መሀሉ ረጅም ነው፤ የሙያው ብልሃትም ያለው እዚያ ነው።

የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች፣ ዶርዜዎችን ጨምሮ፣ ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስማቸው የተሰማ ነው። በዚህ አገር ቤት ያደገ ሰው ጋቢ እንዴት እንደሚያረጅ ያውቃል። መጀመሪያ የክት ነው፤ ለበዓልና ለሰርግ ይወጣል። ጥቂት ሲቆይ የዘወትር ይሆናል። ሲሳሳ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ ሲቀደድ ተቆርጦ መወልወያ ይሆናል። በየደረጃው ጥቅም ላይ ይውላል፤ ወለል የወለወለው ቁራጭ ግን ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እናቶቻችን ይህን ለማወቅ የጽሑፍ መመሪያ አላስፈለጋቸውም። ለመኪና ፎጣም የምጠይቀው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ጸጉሩ ለስላሳ የሆነው አዲሱ ፎጣ ለቀለም ብቻ ይሁን። ልስላሴው ሲቀንስ ወደ በር ጠርዝና ወደ ውስጥ ፕላስቲክ ይውረድ፤ ከዚያ ለቸርኬና ለፓራፋንጎ፣ በመጨረሻ ለሞተርና ለግራሶ። መሬት ላይ የወደቀ ፎጣ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቸርኬ ነው፤ አራግፎ ወደ ኮፈን መመለስ የለም። ደረጃው እንዳይምታታ ጠርዙ ላይ በባለቀለም ክር ጥቂት ስፌት መስፋት ይበቃል፤ ነጭ ለቀለም፣ ሰማያዊ ለውስጥ፣ ቀይ ለቸርኬ። አዲስ የመጣ ልጅ እንኳ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ደረጃው የሚሠራው ግን ፎጣው በአግባቡ ከታጠበ ነው፤ ብዙ ፎጣ የሚሞተውም በአጠባብ ነው። ዱቄት ኦሞ በደንብ ካልሟሟ በስንጥቆቹ መሀል ይቀራል። የልብስ ማለስለሻ ጸጉሩን ለእጅ ያለሰልሰዋል፤ ክሩን ግን እየሸፈነ ውሃ የመጠጣት ኃይሉን ይወስዳል። በረኪና ናይለኑን ይበላል። የፈላ ውሃ ያጠነክረዋል፤ ካውያማ ጸጉሩን ያቀልጠዋል። ከጥጥ ልብስ ጋር አብሮ ከታጠበ ደግሞ የጥጡን ብናኝ ሁሉ ለቅሞ ይወጣል፤ ያ ብናኝ በኋላ መስታወት ላይ ይቀራል። የሚበጀው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ የቀለሙ ለብቻ፣ የቸርኬው ለብቻ፤ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የደረቀውን ፎጣ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ፈትኑት። ወዲያው ከጠጣው ደኅና ነው። ጠብታው ላዩ ላይ ተድቦልቡሎ ከቀረ ስንጥቆቹ ተደፍነዋል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አሳድራችሁ እጠቡት፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ትንሽ አቼቶ ጨምሩበት። ብዙ ጊዜ ሞተ የተባለው ፎጣ በዚህ ይነሣል። ከዚህ በኋላም እጅን የሚቧጥጥ ከሆነ ያኔ አንድ ደረጃ ይውረድ።

ስለ ማድረቂያው ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ንጹሕ ፎጣ ታጥቦ የመንገድ ዳር አጥር ላይ ይሰጣል፤ ባጃጅና አይሱዙ እያለፉ ያቦኑበታል። ሲደርቅ ከመታጠቡ በፊት የነበረውን አሸዋ መልሶ ይዞታል! የሴቻ ሙቀት በጥላ ውስጥም ቶሎ ያደርቃል። ከመንገድ የራቀ ጣራ ሥር ገመድ ወጥሮ ማስጣት፣ ሲደርቅም ክዳን ባለው ባልዲ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

ይህ ሁሉ ለውሃችንም ነው። እንዲህ ያለ ፎጣ በታጠበ ቁጥር በዓይን የማይታይ የፕላስቲክ ክር ይረግፋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በቀጥታ በጥቃቅኑ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ፕላስቲክ 35 በመቶው የሚመጣው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከማጠብ ነው። ለእኛ ውቅያኖሱ ሩቅ ነው፤ ጫሞ ሐይቅ ግን ቅርብ ነው፤ የኩልፎ ወንዝ ከተማችንን አልፎ የሚገባው እዚያ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ከጫሞ ዓሣ የሚበላ ከተማ ይህን ሰምቶ ፎጣውን ወንዝ ዳር ሊያጥብ አይገባም። ብዙ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ጨርቅ ብዙ ክር የሚያረግፈው በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ነው። ያለውን ፎጣ ተንከባክቦ ማቆየት በየወሩ አዲስ ከመክፈት ለሐይቁም ይሻላል።

ጥፋቱን ፎጣ በያዙት ወጣቶች ላይ የሚጥል ሰው ቢኖር አልስማማም። በመኪና ቁጥር የሚከፈለው ልጅ ፎጣ ሲያጥብ የሚያጠፋው ጊዜ ከኪሱ ይወጣል። ወረፋ የያዘው ደንበኛ ጡሩምባ ይነፋል፤ ባለቤቱ «ቶሎ በል» ይላል። ልጁ የትኛውን ፎጣ የት እንደሚያውል እንዲመርጥ ማንም ጊዜ አልሰጠውም፤ ከአንድ በላይ ፎጣም ብዙ ጊዜ አልተሰጠውም። ባለመኪኖች እኛም የምናየው አረፋውንና ብልጭታውን ነው። ቁልፉን ከማስረከባችን በፊት «ኮፈኑን የምታብሱት በየትኛው ነው? የቸርኬውስ የታል?» ብለን እንጠይቅ፤ ለይቶ ለሚሠራም ትንሽ ጨምረን እንክፈል። ባለቤቶችም ለሳሙናና ለውሃ እንደሚመድቡት ሁሉ በየማታው ለፎጣ ማጠቢያ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ፤ ያቺንም ግማሽ ሰዓት ለልጆቹ እንደ ሥራ ቆጥረው ይክፈሉ።