በጉ ይግባ፣ ውሻዋ ትውጣ?

እነሆ የአራተኛ ፎቅ ባለቤት ሆኛለሁ። የእናቴ ግቢ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ያገኘችውን ካሳ፣ የእኔን ዕቁብና ከዘመድ የተለቀመ ብድር ደማምረን፣ ዕጣ ከደረሰውና መሸጥ የማይፈቀድበትን አምስት ዓመት ከጨረሰ ሰው ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዛን። አሳንሰር የለውም። ቁም ሣጥኑን በገመድ ጎትተን በበረንዳ፣ እናቴን ግራና ቀኝ ደግፈን በደረጃ አስገባን። ድመታችን ውሮ በካርቶን፣ ውሻችን ታገሽ በእግሯ ተከተሉን።

ታገሽ ብላ ስም ያወጣችላት እናቴ ናት። የአገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም እንደሚል አንባቢ ያውቃል፤ ለየትኛዋ ጎረቤት እንደተባለ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በሦስተኛው ወር መግቢያው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ «በሕንፃው ውስጥ ውሻ ማኖር በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ይወገድ።» ማኅተም አለው። ቃለ ጉባኤው የት አለ? አልኩ። የለም። ስብሰባ ተጠርቶ ነበር? አልተጠራም። ለመሆኑ የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ የባለቤቶች ማኅበር ይኑር ያለው፣ ሦስት ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው ይወስኑ ማለቱ ነው?

ጥፋቴን አልደብቅም። የመጀመሪያው ሰሞን ከቤት ስወጣ ታገሽ ትጮህ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ግቢ ስትጠብቅ የኖረች እንስሳ በደረጃው የወጣ የወረደው ሁሉ ሌባ ቢመስላት ምን ይገርማል? አንድ ቀንም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሸናች። በበረኪና አጠብኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። በፋሲካ ዋዜማ ደረጃው ሥር ስንት በግ ታስሮ ነበር? ሰባት ቆጥሬያለሁ። ሁለት ሌሊት ሲጮኹ አደሩ። ለእርድ ተብሎ የተሠራልን የጋራ ቤት ተከራይቶ ሱቅ ስለሆነ፣ የታረዱት ሕፃናቱ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ነው። ደሙም፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሕንፃ፣ በስንት ጀሪካን ታጠበ። ማንም ወረቀት አልለጠፈም። እኔም አልለጥፍም፤ ከበግ ጋር ጠብ የለኝም፣ ከሥጋውም በልቻለሁ።

ውሮስ? በእሷ ላይ አንድም አቤቱታ አልቀረበም። አይጥ ስለበዛብን ጎረቤት ሁሉ በተራ እየተዋሰ ያሳድራታል፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ራሳቸው ከወሰዷት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እንግዲህ ሕጉ ገባኝ፤ የሚበላው ይግባ፣ አይጥ የሚይዘው ይግባ፣ የሚጠብቀው ግቢ የፈረሰበት ይውጣ! አሮጊት እናት ያለው ሰው ይህን ሕግ ሲሰማ ለውሻው ብቻ አይደለም የሚደነግጠው።

«ውሻ ቤት ውስጥ ማኖር የፈረንጅ አመል ነው» ያሉኝም አሉ። ሉሉ የተባለው የጃንሆይ ትንሽ ውሻ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲመላለስ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም የሚባል ቃል እንኳ አልሰማንም ነበር።

«ልጆቻችንን ብትነክስስ?» ለሚሉት ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈራ ነገር ነው። መከላከያው ክትባት ነው። ታገሽ ተከትባለች፤ ካርድ አላት። ኮሚቴው ካርድ ይጠይቅ፣ በገመድ ትውጣ ይበል፣ ያቆሸሸ ይቀጣ ይበል፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። «ይወገድ» ማለት ግን ወዴት? ሰፈራችን በፈረሰ ማግሥት የጎረቤቶቻችን ውሾች በሩ በነበረበት ቦታ፣ ፍርስራሹ ላይ ተኝተው ባለቤቶቻቸውን ሲጠብቁ አይቻለሁ። እነዚያን ማን ይከትባቸዋል? ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያገኟቸው እኮ እነሱን ነው።

እናቴ እዚህ ከገባን በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። በሩ የት እንደሆነ ይጠፋባታል፤ «ወደ ቤታችን እንሂድ» ትለኝ ነበር። ታገሽ እግሯ ሥር መተኛት ከጀመረች ወዲህ ይህን ቃል አልሰማሁም።

ስብሰባ ይጠራልኝ ብዬ አመልክቼ ለእሑድ ተቀጥሯል። ካርዱን ይዤ እቀርባለሁ። ጋሼ ሊቀ መንበር፣ ድመቷን ግን እባክዎ ዛሬ ማታ ይመልሱልኝ፤ እኛም ቤት አይጥ ገብቷል።